ሦስተኛው ሳህን

ቪጎ ወደብ ላይ ነው፣ ዝናብ በማያጣው፣
አባቷ ኤላዲዮ ዕድሜውን የፈጀው።
በገመድ ተንጠልጥሎ፣ ሽቦ ብሩሽ ይዞ፣
የመርከብ ጎን ሲፍቅ፣ በብርድ ደንዝዞ፣
ቀይ ቀለም ሲቀባ፣ ሲያለብስ ደርቦ፣
ማታ ቤት ሲገባ ጢሙ ዝገት ጠግቦ።

«ባሕሩን አትሚው፤ አየሩ ነው በዪው፤
እኛን የሚያኖረን፣ ብረቱን ገዳዪው።»
ይላት ነበር ያኔ፣ ለኢሪያ ለልጁ፤
ዛሬ ማንኪያ አይዝም፣ ይርዳል ቀኝ እጁ።
ሐኪሙ አሳያት፣ በአንጎሉ ምስል ላይ፦
የሚያልቅ ሕዋስ ነው፣ ዝገቱ የማይታይ።

የእሷ መርከብ ጠባብ፣ ከአቧራ ያነሰች፣
ከሕዋስ ገላ ላይ እንደ ላብ የወጣች፤
ግድግዳዋ ስብ ነው፣ ቀዛፊም የሌላት፣
ሕዋስ ለጎረቤቱ መልእክት የሚልክባት።
ኢሪያ ግን በመላ ላኪውን ለወጠች፣
መርዝ የሚያከሽፈውን ካታሌዝ ጫነች፤
በቅርፊቷም ላይ ቁልፍ ተከለችላት፣
የነርቭ በር ዘበኛ «ግቢ» እንዲላት።

ማክሰኞ ሌሊት ነው። ሦስት ሳህን።
አንዱን በሰላሙ ተወችው።
ሁለተኛው ላይ ጠብ አደረገችበት፣
ፀጉር ቤት ያሉቱ ጥቁር የሚያነጡበት፣
ውኃ የሚመስል፣ ሽታ የሌለው መርዝ።
ሦስተኛው ግን ከዋዜማው መርከቦቿን ጠጥቷል፤
ያው መርዝ፣ ያው መጠን፣ በላዩ ወርዶበታል።

ሲነጋ በማይክሮስኮፕ አየች፦
ሁለተኛው ሳህን የተኮማተረ፣
ጎርፍ የገባበት ሰፈር፣ አጥሩ የተሰበረ።
ሦስተኛው… ሙሉ አይደለም። ከአሥሩ ሰባቱ
ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ተያይዘው ነቁ በንጋቱ።
አልጮኸችም። ቆጠረች። ደግማም ቆጠረች።
«ሰባት» ብላ ጻፈች፤ ስለ ሦስቱ ዝም አለች።

እሑድ፣ አባቷ ቤት፣ ሾርባ ቀዳችለት።
«ሠራልሽ?» አላት። «በሳህን» አለችው።
ከሳህን እስከ ሰው ስንት ባሕር እንዳለ አልነገረችው።
የወደብ ሰው ነውና ሳቀ፤ ሳይነገረው ገባው፦
«ቀለም እኮ ዝገትን አይገድልም፣ ቀን ነው የሚገዛው።
አንድ ክረምት ይሆናል፣ ምናልባትም ሁለት፤
መርከብ ደግሞ ባሕር የሚገባው ያችን ይዞ ነው፣ ያችን ዕለት።»

ልታጎርሰው ስትል እጇን መለሰ፤
ማንኪያውን ራሱ አነሳ።
ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ፣
ግማሹ ደረሰ።