እጅጌ

መኪና ግርግር ነው የመንገዱ ስሙ፣
ሃያ ልብስ ሰፊዎች መርገጫ ሲያስገመግሙ።
እኔ አሥራ ሰባተኛው፣ ከበሩ በስተግራ፣
ፈትሒ ኮት ሰፊው፣ በእጅጌ የሚጠራ።
ከትከሻ ሲወርድ እጥፋት የማያውቅ፣
ለባሹ ቢከፋው ብቻውን የሚሥቅ፣
እንዲህ ያለ እጅጌ ነበር የእኔ ሥራ።

አንድ ዓመት፣ በሐምሌ፣
መኪናዎቹ ሁሉ ስሜን ይጠሩ ጀመር፤
ፈትሒ፣ ፈትሒ፣ በየስፌቱ መስመር።
ሌሊት፣ ሱቅ ተዘግቶ፣ መርገጫው ሲያርፍ፣
እነሱ አይተኙም፤ ይጠሩኛል እስከ ጎሕ ጫፍ።
የሰው ኮት ተረተርኩ፤ አንድ ሙሽራ አለቀሰ፤
«ገበሩ ውስጥ ስሜ አለ» ብዬ፣ ክሩ እስኪያልቅ ፈረሰ።

እጀ ሰብእ ነው አሉ፤ ጅን ነው ያሉም ነበሩ፤
ማንም ሳይጠይቃቸው አብራርተው ተናገሩ።
እህቴ ሩመይሳ፣ ሁሉን ሰምታ ሰምታ፣
ባጃጅ ላይ ጫነችኝ፣ በሸዋ በር ወጥታ።

በወር አንድ መርፌ፣ ግራ ዳሌ ላይ።
ድምፆቹ ረገቡ፣ እንደ አቧራ ከሰማይ።
ተኛሁ። በላሁ። በስሜ የሚጠራኝ ሰው ብቻ ሆነ።
ሁሉም ተመለሰ፤ እጄ ግን ኋላ ቀረ፣
መቀስ ሳነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ጣቴ እንደ ቆርቆሮ ከረረ።
ሻይ ስይዝ ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር ያወራል፤
ከድምፆቹ ይልቅ ይሄኛው ያሳፍራል።
አንዱ መርፌ ሲገባኝ አንዱ ከእጄ ወጣ፤
የምሰፋበት ሄደ፣ የሚሰፋኝ መጣ።

«እጅ ሰጠህ?» አለኝ ጎረቤቴ፣ ቀልድ መስሎት፤
የምሰጠው እጅ ቢኖረኝ ብዬ ዝም አልኩት።

ሲስተር ብርክቲ ገበታ አወጣች፤ ዘጠኝ ቀዳዳ፣ ዘጠኝ ችንካር።
«አንድ በአንድ ሰካ» አለች፤ ሰዓቷን ይዛ፣ ከጠረጴዛው ዳር።
በዓረፋ ዋዜማ
ሠላሳ እጅጌ ገጥሜ የማድር፣ ሳላቅማማ፣
ዘጠኝ እንጨት ለመሰካት ላብ አጠመቀኝ።
ሰባተኛው አመለጠኝ፤
ተንከባሎ አልጋው ሥር ገባ።
«አይዞህ» አላለችኝም። ወገቧን አጎንብሳ
ፈልጋ አወጣችው፤ አቧራውን አራግፋ አስያዘችኝ መልሳ።
«ስንፍና አይደለም» አለች፤ «ድካምም አይደለም፤
መድኃኒቱ ነው። ሕመሙም ራሱ እጅ ይይዛል፤ ያንን የሚያይ የለም።»

ኢፍቱ፣ ተለማማጄ፣ ነገር የማታበዛ፣
ጠዋት ቀድማኝ ትገባለች ሃያ መርፌ ይዛ።
ለሁሉም ክር አስገብታ ኮሌታዬ ላይ ትሰካለች፤
«ትናንት ተርፎኝ ነው» ትላለች።
እንደዋሸች አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ታውቃለች።

ሐኪሙ ልኩን ቀነሰ፣ ነጭ ክኒን ጨመረ፤
ከአምስቱ ጣት ሦስቱ ታዘዘኝ፣ ሁለቱ አኩርፎ ቀረ።
አንዳንድ ማታ፣ ከሩቅ፣ አንድ መኪና ያጉረመርማል፤
ስሜን ይሁን ሌላ፣ አልለይም። ያልፋል።

ያኔ ነው ሚዛነኛው አብዱረዛቅ፣ ከፈረስ መጋላ፣
ጨርቅ ይዞ የመጣው፤ «አንተ ስፋው፤ አልፈልግም ሌላ።»
የድሮው ፈትሒ በከሰዓት ይጨርሰው ነበር።
እኔ ዘጠኝ ቀን።
ሲለብሰው አየሁና አንጀቴ ተላወሰ፤
ቀኙ እጅጌ ከግራው በሁለት ጣት ረዝሞ አንጓው ላይ ፈሰሰ።
ሚዛን የሚጠብቅ ሰው፣ ፍሬ በርበሬ ቢጎድል የሚነቃ፣
እንዴት ሁለት ጣት አያይም? ከፈለኝ፤ በቃ።
ሲጨብጠኝ እጄ ተንቀጠቀጠ፤ እስኪረጋ ያዘው።

ትናንት ገበያ ውስጥ፣ በበርበሬው ተራ፣
ከሩቅ አየሁት፣ ኮቱን ለብሶ ሲሠራ።
ቀኙን እጅጌ ወደ ላይ ቀልብሶታል፤
እጥፋቱ ላይ እርሳስ ሰክቶ ኪስ አድርጎታል።
አልጠራሁትም። ሱቅ ሥራ አለ፤
ኮሌታዬ ላይ ገና ስድስት መርፌ አለ።