ያልተሰጠ ሰላምታ

ከጉለሌ በላይ፣ ከግንቡ አጥር ውስጥ፣ ሣር እያጠጣሁ፣
ኅዳር በመጣ ቁጥር እንግዶቹ ሲመጡ ዳር ቆሜ አያለሁ።
ቀይ የወረቀት አበባ ደረታቸው ላይ ሰክተው፣
ጥሩምባው ሲያበቃ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል በዝምታ ቆመው፤
አንዱ ሰዓት ያያል፣ አንዷ ታስላለች፣ መኪናው ይነሣል።
ድንጋዩ ሁሉ ለእኔና ለውኃ ጎማዬ ይቀራል።

አባቴ ጓንጉል በቅሎ ጫኝ ነበረ በዚያ በጦር ዘመን፤
ከጠረፍ ጀምሮ፣ በዓባይ በረሃ፣ ጥይትና ስንቅን።
ሲያወጋኝ ግን ተኩሱን ትቶ ስለ አንድ ሰው ነው፦

«ዱጋን ይባል ነበር፤ አውስትራሊያዊ ነው፤ አምሳ አለቃ፤
ባርኔጣው ባንድ ጎን የታጠፈ፣ ስድቡ የማያበቃ።
ለእንግሊዙ ሻምበል እጁን አንሥቶ አያውቅም፤
ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ እያፏጨ ያልፋል፤ ቢያስሩት አይጨነቅም።
‹ሻይ ሳይጠጣ ጠላት የማያይ፣
ካርታ ገልብጦ ይዞ ወንዙን ተራራ ባይ!›
ይለዋል፤ አስተርጓሚው ለእኛ ሹክ ሲለን፣
መጫኛው ከእጃችን ያመልጥ ነበር ሳቁ እያሸነፈን።

ግን አንዱን የእንግሊዝ ወታደር፣ ጢም ያላበቀለ፣
ወባ ሲያንቀጠቅጠው ሦስት ቀን ሙሉ በጀርባው ያዘለ
ዱጋን ነው። ‹ሻምበሉን እንጂ ይህን ልጅ መች ጠላሁ?› አለ።

አዲስ አበባ ዳር፣ ማለዳ፣ ስንደርስ ከዳገቱ አፋፍ፣
ሰልፉን ጥሎ ሮጠ፤ ሄዶ ተጠመጠመ በአንድ ባሕር ዛፍ።
ቅጠል ቀነጠሰ፣ በመዳፉ አሸው፣ አሸተተው፤
ያን ተሳዳቢ ሰው እንባ አነቀው።
‹የአገሬ ዛፍ!› ሲል ቀጣፊ ነው ብለን ሳቅን፤
ባሕር ዛፍ እያልን ስንጠራው ኖረን ባሕሩን መች ጠየቅን?»

በሳምንቱ ሞተ። ጥይት አይደለም፤ ገደል የገባ መኪና ነው።
ሻምበሉም አልቆየ፤ ይኸው ከጎኑ ነው።
አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ አንድ ቁመት፤ ሣሩ ማዕረግ አይለይም።
ያ እጁን የነፈገ ሰው፣ ኅዳር ኅዳር፣ ስንቱ ኮሎኔል
ቆቡን አስተካክሎ፣ ተረከዙን አጋጭቶ፣ ሰላምታ ይሰጠዋል!
ቢያይ፣ እያፏጨ ያልፍ ነበር።

የጫኞቹ ስም ግን እዚህ የለም።
አባቴ ከአጥሩ ማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ነው፤
በቀለም የጻፍኩትን ስሙን የዘንድሮ ክረምት ወሰደው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ከአጥሩ ሥር ቅርንጫፍ እሰብራለሁ፤
አንዱን ለዱጋን። አንዱን፣ ይቆጣኝ ይሆናል፣ ለሻምበሉ አኖራለሁ።
የቀረውን በብብቴ ይዤ፣ የብረት በሩን ቆልፌ፣
እጄ ቅጠል ቅጠል እየሸተተ፣ አስፋልቱን አልፌ
ወደ አባቴ።