የሻይ እሸት

ሰዓቱን ያደስኩለት ያ የመንገድ መሐንዲስ
ሊሰናበት መጣ፣ ወደ ጃፓን ሊመለስ።
ከሒሳቤ በላይ አንዲት ቆርቆሮ ትቶ
«የዘንድሮ ነው» አለኝ፣ በሁለት እጁ ሰጥቶ፤
«የመጀመሪያ ለቀማ። አታቆየው፣ ቶሎ ጠጣ።»

እኔ ምን አውቄ!
አንተከተክሁት እንደ ሻያችን፣ ቀለሙ እስኪወጣ፤
ስኳር ሦስት ማንኪያ፣ ቅርንፉድ ጨመርኩበት።
እሬት ሆነ።
ትርሲት ሳቀችብኝ፦
«ጨቅላ በፈላ ውሃ ይታጠባል እንዴ?»

ዛሬ የሱቄን በር ገርበብ አድርጌ
ውሃውን ከብርጭቆ ብርጭቆ እያገላበጥኩ
ጣቴ እስኪችለው ጠበቅኩ።
(ድሮም እዚህ ዳገት ላይ ውሃ ቸኩሎ ይፈላል፤
እንደ ፒያሳ ሰው ነው፣ በቅጡ ሳይግል ይንተከተካል።)

ስልሳ ሰከንድ ቆጠርኩ
በወይዘሮ የሺመቤት የእጅ ሰዓት፤
ሰፈራቸው ፈርሶ ሲሄዱ እኔው ጋ የረሷት።
ትሠራለች። አንድም ቀን አላዘገየች።

ከደጅ ኤክስካቫተር ያጓራል፤ ከብርጭቆዬ ግን
የታጨደ ሣር ሽታ፣ ዝናብ የነካው ጎመን፣
ቀጥሎ ስኳር የማያውቀው ጣፋጭ፣ ከጉሮሮ ሥር።
እሸት ነው!
ባቄላም አይደል፣ በቆሎም አይደል፣
ግን እሸትን ምላስ አይስተውም።

ሁለተኛ ቀዳሁ። ሦስተኛ።
የቀረውን ቅጠል ትርሲት በሎሚና በሚጥሚጣ ለውሳ
በዳቦ ጨረሰችው።

ቆርቆሮዋን ከድኜ ከሰዓቶቹ ጋር ቆለፍኩባት፤
ለእንግዳ፣ ለዓመት በዓል ብዬ።
ቁልፉ ከእጄ ሳይወጣ «አታቆየው» ያለኝ ትዝ አለኝ።

መልሼ ከፈትኩና
የፎቶ ቤቱን ጓንጉልን በመስኮት ተጣራሁ፦
«ና እስቲ፣ ብርጭቆህን ይዘህ!»