ጥሪ በቫልሮና

በእኛ ጥቅምት መጨረሻ ነው፣ በእነሱ ኖቬምበር አራት፤
ቫልሮና ጥቁር ለብሳለች፣ ደወሏ ሲጮህ በጠዋት።
ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል፣ ባሩም ወንበሩን አጥፏል፣
ከተራራው የወረደ ጉም ጎዳናው ላይ ተኝቷል።

እኔ ወንበር እገፋለሁ፤
ጎማው በድንጋዩ ንጣፍ ሲንገጫገጭ እሰማለሁ።
ወንበሩ ላይ ሲኞራ ኦርቴንሲያ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ፣
ብርድ ልብስ እስከ አገጯ፣ የአባቷ ፎቶ በደረቷ።
ዓይኗ ከጠፋ ቆየ፤
ጆሮዋ ግን ስንቱን አየ።

ከንቲባው መጣ ታጥቆ ባለ ሦስት ቀለም መቀነት፣
አምስት ሽማግሎች መጡ፣ ባርኔጣቸው ላባ ያለበት፣
የመካኒኩ ልጅ ዛሬም ጥሩምባው አንድ ድምፅ ሳተበት።
ማንም አልሳቀም።
እዚህ ከተማ በዚህ ቀን በሳተ ድምፅ አይሳቅም።

ሐውልቱ ቁመቱ ከሰው አይበልጥም፤ ግራጫ፣ ሻጋታ የነካው፤
ፊቱ ላይ አርባ አንድ ስም አለ፣ የመጀመሪያው ጦርነት እንደ ገብስ ያጨደው።
ከአንድ ቤት ሦስት ወንድማማች፣ ስማቸው ተደራርቦ፣
እንደ ልጅነታቸው አልጋ፣ አንድ አንሶላ ስር ተጣቦ።

ጥሪው እንዲህ ነው፦ ከንቲባው ስም ይጠራል፤
ሕዝቡ ስለ ሟቹ ሆኖ «እዚህ አለ!» ይላል።
«ባቲስታ!» — «እዚህ አለ!»
«ሴኮንዶ!» — «እዚህ አለ!»
ተራራው ይቀበልና፣ ዘግየት ብሎ፣ «...አለ።»

ልጅ ሳለሁ፣ በክፍል ጥሪ፣ «አቤት» ነበር መልሳችን፤
የቀረ ልጅ ሲጠራ ግን ዝም ነበር ክፍላችን።
እዚህ ለቀረው ነው ሰው ሁሉ አፉን የሚከፍተው።

«በጎን በኩል ውሰጂኝ» አለች፣ መዳፌን በእጇ ዳብሳ፤
ሦስት ስም ብቻ ነው በጎኑ፣ ጽሕፈቱ በዝናብ የሳሳ።
«አንብቢልኝ።»
ሦስት ዓመት ገፍቻታለሁ፤ በዚህ በኩል መጥቼ አላውቅም።
«ኤቫሪስቶ ብሩናቲ» አልኩ፤ ከዚያ ወዲያ ጉሮሮዬ አልታዘዘኝም።
ከስሙ ሥር፣ በላቲን ፊደል፣ የሞተበት አገር ተጽፏል፤
ሲያነቡት አፍ ይጎረብጣል፣ አንድ ፊደል ተዘሏል፦
ተንቤን።

«አባቴ ነው፤ ጫማ ሰፊ። በሆድ ሳለሁ ነው የሄደ።
አንድ ደብዳቤ ላከ፤ ስለ ቁልቋል። ስለ ሰው ሲሆን ብዕሩ ከበደ።»
ሱቁ አሁን ስልክ ይሸጥበታል፤
መዶሻው ግን ኩሽናዋ ውስጥ፣ ከቢላዎቹ ጎን ተሰቅሏል።

ምን ልበላት?
የአያቴም ታናሽ ወንድም እዚያው ቀረ፤ ሐውልት የለው፣ ድንጋይ የለበት።
በሬ ሳይጠምድ ነው የወጣ። ከሰማይ ያ ጤዛ ወርዶ፣
ቆዳውን እንደ ልብስ ገፎ፣ ዓይኑን አጨለመ አንድዶ።
ስሙ ገላጋይ ነበር፤
ገላጋይ የሌለው ጠብ ውስጥ ገብቶ ቀረ ሳይቀበር።

ልነግራት ፈለግሁ፦ «አባትሽ በሰፋው ጫማ ነው እርሻችንን የረገጠ።»
አልነገርኳትም። ጣቷ ሄዶ «ተንቤን» ላይ ተቀመጠ።
ያልዋለችበትን አገር፣ ፊደል በፊደል፣ ታጠናዋለች።

ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ይህ የእኔ ድርሻ አይደለ፤
ቂም ነው ማለትም ይከብዳል፣ እጇ እጄ ውስጥ እያለ።

ጥሪው ሲያልቅ፣ ሰው ሲበተን፣ ከንቲባው ወረቀት ሲያጥፍ፣
ጥሩምባው ሳጥኑ ሲገባ፣ ሰማዩ ካፊያ ሲያራግፍ፣
ከንፈሬ ተነቃነቀ፤ ድምፄ ከትንፋሽ አልበለጠም፦
«ገላጋይ...»
ኦርቴንሲያ አንገቷን ቀና አደረገች። የማን ነው ብላ አልጠየቀችም።

አደባባዩ ባዶ ነበር።
«እዚህ አለ!» አለች፤ ጮክ ብላ፣
ለሌሎቹ እንዳለችው ሁሉ።

ካፊያው ውስጥ፣ ሁለታችን፣
ተራራው እስኪመልስ ጠበቅን።