መገጣጠሚያ

ጋሽ አብዶሽ ዘንድሮ ሰባ አንድ ሞላው፣
ሠላሳ ሁለቱን ባቡር ነው የበላው፤
ከድሬ እስከ ጅቡቲ ቲኬት ሲቆጣጠር፣
ፈረንሳይኛን ያወቀው በደረሰኝ ነበር።
(አንቱ አልለውም እኔ፣ ድሬ አንቱ አታውቅም፣
የአባቴ ታላቅ ነው፣ እሱም አይጠብቅም።)

ፓሪስ በደረስን በመጀመሪያው ቀን
ባለ ታክሲው ዞሮ «አ ላ ጋር?» ሲለን፣
ሳቀ ጋሽ አብዶሽ፣ ዕንባው እስኪወርድ፣
«ለገሃር እኮ ነው የሚለው ይህ ጉድ!»
ከዚያ ወዲህ ሁሌ፣ በደረስንበት ሁሉ፣
ሊልም ማርሴይም ሊዮንም «ለገሃር» እያሉ
መንገድ ሲጠቁሙን፣ አንገቱን አቅንቶ
እንደ ሹም ይሄዳል ሻንጣውን ጎትቶ።

እኔ ነኝ ዕቅድ አውጪዋ። ስልኬ ውስጥ ሰንጠረዥ አለ፣
ደቂቃ በደቂቃ የተከፋፈለ፤
የትኛው ፉርጎ፣ የትኛው ወንበር፣ ስንት ሰዓት ምሳ፣
የት ወርደን ከየት እንደምንነሣ።
ከፓሪስ ማርሴይ ሦስት ሰዓት ከሩብ፣
በመስኮት ተጠቀለለ ደን፣ ወንዝና ግንብ።
ጋሽ አብዶሽ ግን ዐይኑን አልከደነም፤
«ድምፅ የለውም» አለኝ፤ «ባቡር አይመስልም።
ብየዳ ነው ሁሉ፣ ሀዲዱ አንድ ብረት፣
መገጣጠሚያ የለው የሚመታበት።
በምን ልቤ ልተኛ? በምን ልቁጠር ርቀት?»

ጉዱ ሊዮን ላይ ነው።
ቦርዶ ልንሻገር ስንል፣ ሰንጠረዡ በድፍረት
«ወደ ፓሪስ ውጡ፣ ጣቢያ ቀይሩ፣ ውረዱ ቁልቁለት» አለን።
ጋሽ አብዶሽ ካርታውን ጭኑ ላይ ዘረጋ።
«ወደ ምዕራብ ለመሄድ ወደ ሰሜን መውጣት?
ከድሬ ሐረር ለመድረስ፣ በአዋሽ ዞሮ መምጣት!
ይህ አገር ነው ወይስ የሸረሪት ቤት?»

መስኮቱ ጋ ሄደ። የደረሰኝ ፈረንሳይኛው
ዝገቱን አራግፎ ሲወጣ፣ ሻጯ ፈገግ አለችው፤
ሲመለስ በእጁ ሦስት ቲኬት ይዟል፦
እስከ ክሌርሞ በባቡር፣ ብሪቭ አውቶቡስ ያደርሳል፣
ከዚያ ሌላ ባቡር፣ ፔሪጎ ላይ ማደር፣
ቦርዶ በነጋታው። «መንገድ እንዲህ ነበር።»
ስንት ሰዓት ነው? አልኩት። «አልጠየቅኩም» አለ።
ሰንጠረዤ ያኔ፣ እዚያው፣ ተሰነካከለ።

ክሌርሞ ዝናብ ነው። ካቴድራሉ ጥቁር ድንጋይ፣
ከሰል የተጠረበ የሚመስል ሲታይ።
የአውቶቡሱ ሹፌር አንድ መንደር ደርሶ
አቆመና ወረደ፣ ለአንዲት ባልቴት መድኃኒት አድርሶ
ቲማቲም ይዞ መጣ። ማንም አልተቆጣ።

ብሪቭ ላይ የቆመው ባለ ሁለት ፉርጎ ነው፣
ወንበሩ የነተበ፣ መስኮቱ ጭጋግ ያለው።
ተንቀሳቀሰ። ከሥር አንድ ድምፅ ተነሣ፦
ድቅ ድቅ። ድቅ ድቅ።
እንደ ሰው ዱካ፣ ስሙ እንደ ተረሳ።
ጋሽ አብዶሽ ቀና አለ። ጣቱን ጉልበቱ ላይ
እያነሣ ጣለ፣ ከሀዲዱ ምት ሳይለይ።
«መገጣጠሚያ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረ፣
ሠላሳ፣ አርባ ድረስ በከንፈሩ ቆጠረ፣
ከዚያ ራሱ ዘንበል ብሎ ትከሻዬ ላይ ደረሰ፤
ከፓሪስ ጀምሮ የሸሸው እንቅልፍ ተመለሰ።

ፔሪጎ ደረስን። በሩ ተከፈተ።
ሆቴሉ ተከፍሏል፤ ስልኬ ነዘረ፣ ወተወተ፣
«እዚህ ውረጂ» አለኝ።
እጄን አነሣሁ ልቀሰቅሰው፣
ጉንጩ ጋ ሲደርስ መለስኩት።
በሩ ተዘጋ።

ተቆጣጣሪዋ መጣች፣ ገና ልጅ ናት፤
ቲኬቱን አየች፣ እሱን አየች፣ ደግሞ ሰዓት።
ሳትናገር ቆማ ቅጣቱን ጻፈች፣
ወረቀቱን ስትቀድ ድምፁን በመዳፏ አፈነች።

ቦርዶ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል። ማደሪያ የለን።
የጣቢያው አግዳሚ ላይ ሻንጣ ተደግፈን
ጋሽ አብዶሽ መነጽሩን ሰካ፤ ያቺን ብጣሽ ወረቀት
አንድ በአንድ አነበበ፣ ቀኑን፣ መስመሩን፣ የቅጣቱን መጠን፣ ፊርማዋን ሳይቀር፤
«ትክክል ናት» አለ። «እኔም እጽፍ ነበር።»