ሦስት እርምጃ

ነፋስ ሰው በሚጥልበት ከተማ፣ በፑንታ አሬናስ፣
መንገድ ዳር ገመድ ተወጥሯል፣ ሰው ይዞት እንዲመላለስ፤
እኔም እሱን ሙጭጭ ብዬ፣ በክራንች ስንፏቀቅ፣
ደረስኩ ከያስና ደጃፍ፣ ሰው አየኝ ብዬ ስሳቀቅ።

ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ሠላሳውን በባሕር፣
የሸርጣን ወጥመድ ስጎትት፣ ከማዕበል ጋር ስማከር፤
አሁን ደጄ ላይ ቆሜ፣ ሁለት ደረጃ ሲቀር፣
የማለቅስ ሰው ሆኛለሁ።
ሐኪም ጉልበቴን ቀዶ፣ ብረት ከቶ፣
"ከእሷ ዘንድ ሂድ" ብሎኛል፣ ስሟን ከክኒኑ ጋር አካቶ።

የድሮ የዓሣ መጋዘን ነው፤ ጨው ጨው ይላል ግድግዳው።
ጥግ ላይ አሮጌ መሰናክል፣ ቀለሙ ተልጦ ያለቀው፣
ጓደኛው የጠፋ የሕፃን ካልሲ ላዩ ላይ የተሰጣው።

ሰዎች ያወሩላታል፦ መቶ ሜትር፣ ዐሥር መሰናክል፣
"በመካከሉ ሦስት እርምጃ፤ አራት ከሆነ ተሸንፈሻል።"
ያሠለጠናት ሰውዬ ፊሽካ እንጂ ቃል አልነበረውም፤
ስትወድቅ ሰዓቱን ያያል እንጂ ወደ ፊቷ አይመለከትም።
እሷም መጀመሪያ ላይ እንደሱ ነበረች አሉ፤
የወደብ ሠራተኞችን በፊሽካ ስትነዳ እስኪዝሉ፣
"ሰበብ አልሰማም" እያለች፤ ግማሾቹ ኮበለሉ።

ከዚያ ራየን ተወለደች፣ በሰባት ወሯ፣ ቸኩላ፤
እናቷ ሌሊቱን ሙሉ፣ ከመስታወት ሣጥን ኋላ፣
ትንፋሿን ትቆጥር ነበር። ያን ሰዓት ማን ያስቆመው?
ማን አንደኛ፣ ማን ሁለተኛ? ይህ የሚለካው በምንድን ነው?
ልጅቷ ዘግይታ ቆመች፤ በሁለት ዓመት ከሩቧ
ጠረጴዛ ይዛ ተነሳች፣ እንዳሰኛት፣ እንደ ልቧ።

ያስና ይህን ስትነግረኝ ጉልበቴን እያሸች ነው፤
"ዶን ኤውሎሂዮ፣" ትላለች፣ "የቱ ጋ ነው የሚያመው?"
እኔም እንደ ወንድ ልማድ "ደኅና ነው" ልል ስል፣
ጣቷ ቀድሞኝ አረፈ፣ ልክ ከሚያመኝ መሀል።

ለዘብተኛ እንዳትመስላችሁ! አንድ ቀን ብቀር ኖሮ፣
ቤቴ ድረስ ትመጣ ነበር፣ ገና ሳይጮህ አውራ ዶሮ።
የሯጭነቷ ግትርነት ከአጥንቷ አልወጣም፤
"ዐሥር ብዬሃለሁ" ካለች፣ ዘጠኝ ተኩል አይሆንም።
ግን ዘጠነኛው ላይ እግሬ ሲርድ ስታይ፣
ፊሽካ አትነፋም፤ ትንበረከካለች፣ ፊት ለፊቴ፣ መሬት ላይ፤
እጇን ትዘረጋለች፣ አትነካኝም።
ሕፃን የሚጠራው እንደዚያ ነው፤ ይህን ማንም አይስተውም።

ከእኔ በቀር። የእኔ ማርሊስ የሄደች የመጀመሪያ ቀን፣
እኔ ባሕር ላይ ነበርኩ፤ በሬዲዮ ሰማሁ ወሬዋን፤
"ጎሽ" አልኩና ጎተትኩ ቀጣዩን ወጥመድ፣ ቀጣዩን።

ትናንት ክራንቼን ነጥቃ መሰናክሉ ላይ ሰቀለች፣
ከካልሲው ጎን። ሦስት እርምጃ ርቃ ተንበረከከች።
ራየን ብስኩቷን ይዛ ትቆጥራለች፦ "አንድ... ሁለት..."
ሦስትን ገና አታውቅም መሰለኝ። "አምስት!" አለች፣ በኩራት።

ማንም አላረማትም።
ያስና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች።
አምስት ሄድኩ።