ከአንድ ቀን በቀር

የምክር ቤቱ ቃል፥ የሚያልፈው በእጄ ነው፤
ማን ምን እንደ ተናገረ፥ ማን እጁን እንዳወጣ፥
ማን ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ፥ ድምፅ ሲሰጥ እንደመጣ፥
ሁሉን እጽፋለሁ።
(ሻዩን ግን አልጽፍም።)

በሰኔ መጨረሻ፥ ውሳኔ ቁጥር አሥራ ሰባት፥
ለአንድ ሰው ምስጋና፥ ማኅተም እንዲያርፍበት
ረቂቅ ቀረበ፦

«አቶ ልየው መኩሪያ፥ በጣና ዳር ቆመው፥ ከመለኪያው ዘንግ ሥር፥
ለሠላሳ አንድ ዓመት፥ ጠዋትና ማታ፥ የሐይቁን ከፍታ
አንድም ቀን ሳያጓድሉ፥ ያለመታከት የመዘገቡ በመሆኑ፤
ከተማችን ባሕር ዳርም ባለውለታዋን ማክበር ስላለባት…»

አውቃቸዋለሁ።
እርሳስ ከጆሯቸው ጀርባ፥ ደብተር ከኮታቸው ኪስ፥
ገና ወፉ ሳይንጫጫ፥ ጀልባው ሞተሩን ሳይቀሰቅስ፥
ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት፥ ወደ ላይ ጠቅልለው፥
እምቦጩን በእግራቸው፥ ገለል ገለል አድርገው፥
ጎንበስ ይላሉ፥ ቁጥሩን ሊያነቡ፤
እንደ ሐኪም፥
ደረት አዳምጦ፥ ምንም እንደማይል ለቤተሰቡ።

በዋዜማው መጡ።
የቢሮዬን በር፥ በጣታቸው ጫፍ ነክተው፥
በጭቃ ጫማቸው፥ ምንጣፉን መርገጥ ፈርተው፤

«ልጄ፥ ረቂቁን አነበቡልኝ፤
መልካም ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።
ግን ሁለት ስሕተት አለው።
‹ያለመታከት› ይላል። ታክቶኛል።
ክረምት ጉልበቴን ሲቆረጥመው፥ እንዴት አይታክተኝ? ሰው ነኝ።
ይሁን፥ እሱስ ይለፍ፤
ምስጋና ትንሽ ካላበጠ፥ ምስጋና አይመስልም ሲጻፍ።
‹አንድም ቀን› የሚለው ነው፥ እንቅልፍ የነሳኝ፤
ሐምሌ ዘጠኝ፥ ሰማንያ ዘጠኝ፥
ጥሩአየሁን የቀበርንበት፤
ደብተሩን ብታይው፥ ሰረዝ ነው ያለበት።
ሐይቁ ያን ቀን፥ ስንት ሆኖ ዋለ? ማንም አላየው።
በግምት ሙላው ብለውኝ ነበር፤ ሰረዙን አልነካም አልኩ፤ ተውኩት እንዲያው።»

ጠዋት ለአፈ ጉባኤው ነገርኩ። ፈገግ አሉ።
«ከሠላሳ አንድ ዓመት፥ አንድ ቀን ቢጎድል ምን አለበት?» አሉ።
አንዱ፥ «‹አንድም ቀን› ሲባል ነው የሚያምረው» አለ፤
ሌላው፥ «ተባዝቷል፥ ክፈፍ ገብቷል፥ አልቋል» አለ።
እጅ ወጣ።
በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።
ማታውኑ አዳራሹ፥ በጭብጨባ ደመቀ።

«ልየው!» አለ መድረክ መሪው፤
«ልየው መኩሪያ!» ሕዝቡ ዞረ፥ አንገቱን አስግጎ ሊያየው።
ወንበሩ ባዶ ነው።
ለአሥራ ሁለት ሰዓት፥ ሩብ ጉዳይ ነው።
ስማቸው ሲጠራ፥ እሳቸው ሄደዋል፥ ስማቸውን ሊሆኑት፤
«ልየው» ብለው ወርደዋል፥ ውሃውን ሊያዩት።

ክፈፉን ከብብቴ ሥር ይዤ፥ ከዘንባባው ጥላ አልፌ፥
የዓሣ ጠባሾቹን ጭስ፥ በነጠላዬ ቀዝፌ፥
ደረስኩ።

ከዘንጉ ሥር ቆመዋል፤ ውሃው ከጉልበታቸው በላይ፤
ወረቀቱን እንደ ዘንጉ አነበቡት፥ በጣታቸው፥ ከታች ወደ ላይ።
ማኅተም። ፊርማ። ቁጥር አሥራ ሰባት።
«አንድም ቀን» ጋ ሲደርሱ፥ ጣታቸው ቆመ።
እዚያ፥ በእኔው እስክሪብቶ፥ በእኔው የእጅ ጽሕፈት፥
ክፈፉን ፈትቼ፥ መስታወቱን አንሥቼ፥
ምክር ቤት ያላጸደቀው ቃል፥ ትንሽ ወልገድ ብሎ ተጨምሮበት፦
ከአንድ ቀን በቀር።

ምንም አላሉም።
«ያዥልኝ ልጄ» አሉ፥ ቆየት ብለው፤ «እጄ ርሷል።»
እርሳሱን ከጆሯቸው አወረዱ፤
ጎንበስ ብለው አዩ፤ ደግመው አዩ፤
ጻፉ፦

ማታ። አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት።
ነፋስ የለም።